የሰከንድ አሥራ አንድ መቶኛ

«ገንዳው ሃያ አምስት ሜትር ነው» ብዬ ነበር የነገርኳት፤
ከቦርሳዋ ሜትር አውጥታ ተንበርክካ ለካችና
«ሃያ ሁለት ከሰማንያ» ብላ ሳቀች። አፈርኩላት።
የባቡር ሰዎች የቆፈሩት፣ ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁት፣
ክሎሪኑን በእጄ የበተንኩት፣ ቅጠሉን በመረብ የለቀምኩት፣
ለካ ጎዶሎ ኖሯል፤ አቦ፣ ማን ለክቶት ያውቃል!

ቶሞኤ ኩራሺማ።
ስሟን ለመያዝ ሳምንት ፈጀብኝ።
የከዚራ ልጆች «ቶማ» አሏት፤ እሷም «አቤት» አለች።

እንደነገረችኝ (አማርኛዋ እንደ ፍየል መንገድ ጠመዝማዛ)
ስድስት ዓመቷ ላይ ገባች ውሃ፣ የአባቷን አንገት ይዛ፤
ጎህ ሳይቀድ አምስት ኪሎ ሜትር፣ ከትምህርት በኋላ አምስት፣
ከገንዳው ወለል ጥቁር መስመር፣ እሱን ብቻ እያየች፣ ሃያ ዓመት።
«ነፃ ቀዘፋ» ይሉታል ስልቱን።
ነፃነቱ ግን፣ አለችኝ፣ ስሙ ላይ ብቻ ነበር፤
ምግብ በሚዛን፣ እንቅልፍ በሰዓት፣ ትንፋሽ በቁጥር።

አሥራ ዘጠኝ ሲሞላት ያገሯን ክብረ ወሰን ሰበረች፤
ሁለት ዓመት አቆየችው፣ አንዲት ጉብል ነጠቀቻት።
ከዚያ ትልቁ ውድድር፣ አራት መቶ ሜትር፣
አራት ደቂቃ ከስድስት ሰከንድ።
እጇን ዘረጋች፣ ግድግዳውን ነካች፣
ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች፦
አራተኛ።
ከሜዳሊያው የለያት የሰከንድ አሥራ አንድ መቶኛ።

«ስንት ነው እሱ?» አልኳት።
እኛ ድሬዎች ቀጠሮ የምንሰጠው «ፀሐይ ስትበርድ» ብለን ነው።
አሰበች። ጣቷን ከጣቴ ጫፍ አስጠግታ
ነካ አድርጋ ለቀቀች።
«ይቺን ታህል።»
አልመለስኩላትም።

በማግስቱ ድልድዩ ላይ ቆማ ደቻቱን ቁልቁል አየች፤
አሸዋ። ፍየሎች። ኳስ የሚራገጡ ልጆች። ልባሽ ጨርቅ የዘረጋ ነጋዴ።
«ወንዙ የታል?»
«ይመጣል» አልኳት፣ «ደንገጎ ላይ ይዘንብና፣
እኛ እዚህ ኮከብ እየቆጠርን፣
በር ሳያንኳኳ ይገባል።»
ከዚያ ለማንም ያላወራሁትን አወራኋት፦
የነሐሴን ሌሊት፣ የቆርቆሮውን ጣሪያ፣
የእህቴን የኢፍቱን እጅ፣
ጣቶቿ ከጣቶቼ ጫፍ ሲደርሱ፣
ነካ።
ለቀቀ።
ይቺን ታህል።

የእሷ ሜዳሊያ ነው፣ የእኔ እህቴ፤
አይተካከልም፣ አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች፤
ስለዚህ አላጽናናችኝም። ፀሐዩ ላይ አብራኝ ቆመች
ኮፍያ እንኳ ሳታደርግ።

ቅዳሜ ጠዋት ከወንዙ ዳር ቤቶች
አሥራ አራት ሴት ልጆች አስከትላ መጣች።
ሽቅድድም የለ፣ ፊሽካ የለ።
«በጀርባ ተኙ» አለቻቸው፣ «ጆሯችሁ ውሃ ይግባው፤
ውሃ የሚታገለውን አይወድም።»
ከሁሉ ታናሿ፣ ኒምኦ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ
«ደቻቱም እንዲህ ይሸከመናል?» አለች።
ቶማ ብዙ ዝም አለች።
«አላውቅም» አለች። «ተኚ።»

ሁለት ዓመት ቆይታ ሄደች።
ትከሻዋ ላይ ሁለት የቢላ ጠባሳ ነበራት፤ ዝናብ ሲያረግዝ የምታሸው።
የውድድር ሰዓቷን ሰጠችኝ፤
ከገንዳው ቁልፍ ጋር ቋጠርኩት።

ዘንድሮ ፓምፑ ተበላሽቶ ውሃው እስከ ወገብ ብቻ ነው።
ኒምኦ ግን ትመጣለች፤ ባጃጅ ተሳፍራ፣ ፎጣዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ።
ትተኛለች። ሰዓቱን እጫነዋለሁ።
ሦስት ደቂቃ፣
ሦስት ከሃምሳ፣
አራት ከስድስት። የቶማን ሰዓት አለፈችው፣
ገና ተኝታ፣ ዐይኗን ጨፍና፣
እየተነፈሰች።
ደንገጎ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።
ሰዓቱን አላቆምኩትም።