ከምቱ በፊት

ነሐሴ ሻርጃ ላይ ፀሐይ ሳትወጣ ግድግዳው ይግላል፤
ብርሃኑ ገና ከበረሃው ማዶ ነው፣ ሙቀቱ ግን ደርሷል።
በዘይድ መንገድ ዳር፣ መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ፣
ኢላማ እሠራለሁ፣ አንዴ ሊመታ የሚቀመጥ።
በወረንጦ አነሣለሁ ከፀጉር የቀጠነ አልሙኒየም፤
ትንፋሽ ይጥለዋል፣ ስለዚህ አልተነፍስም።
አጣብቄው በአንዲት ሙጫ ጠብታ ከፕላስቲክ ገለፈት ጋር፣
ለቢጁ አስረክባለሁ፤ ይሰቅለዋል አየር ከሌለው በርሜል ውስጥ፣ በክር።

ሌዘሩ ሲያርፍበት ፊቱ ተኖ ወደ ኋላ ይፈነዳል፣
ያው ፍንዳታ ሞገዱን ወደ ውስጥ ይነዳል፤
የዓይን ጥቅሻ ከጎኑ ዘመን የሆነበት ጉዞ፣
ያገኘውን ሁሉ እየጠቀጠቀ፣ ጉልበቱን ይዞ።
ቀዝቃዛ ሆኖ የጠበቀው ቁስ እጥፍጥፍ ይላል፤
ቀድሞ የሞቀ ግን ያብጣል፣ ይለግማል።

ችግሩ ኤሌክትሮን ነው። አብዛኛው ጎረቤቱን ነክቶ
ሙቀቱን ከእጅ ወደ እጅ ይሰጣል፣ ተራውን ጠብቆ፣ ተገፍቶ፤
ጥቂቶቹ ግን፣ ከሁሉ የጋሉት፣
ማንንም ሳይነኩ፣ ሞገዱን ጥለውት
ገና ምንም ያልሰማ ብረት ውስጥ ይገባሉ፣
ወሬ ይዘው።

በስሌታችን ውስጥ አንዲት ቁጥር አለች፣ ከመቶ ስድስት፣
«ሙቀት ከዚህ አይለፍ» ብለን በእጃችን የጨመርናት።
ከየት መጣች ቢሏት ሸምሳ ትስቃለች፤ «ከልምድ ናት።»
እኔ በልቤ፦ አጥር ናት፣ ፍየል የሚዘላት ዓይነት።

አባቴ ይመር ኮምቦልቻ ላይ በያጅ ነበር።
(«ነበር» ብዬ ጻፍሁ። ቃሉ ከታሪኩ ቀድሞ አመለጠኝ።)
የወፍጮ ማርሽ ተሰብሮ ሲመጣለት
ብየዳውን አይጀምርም፤ በጋዝ ነበልባል ዙሪያውን ያስልሰዋል፣ ቀስ ብሎ፣
ሻይ እስኪጠጣ ድረስ።
«አስቀድመሽ አሙቂው» ይለኛል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ብርድ ብረት ድንገተኛ እሳት አይችልም፤ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል።»
እኔ ደግሞ ደሞዝ የሚከፈለኝ
አንድም ነገር ቀድሞ እንዳይሞቅ ነው።

ያን ሐሙስ፣ ሦስተኛው ምት ላይ፣ የኋላው ካሜራ
ሞገዱ ሳይደርስ ጭጋግ አየ፣ ደብዛዛ፣ ቀድሞ የበራ።
«ሞቋል» አለ ቢጁ። ሸምሳ ወረቀቱን ገለባብጣ፣
«ወርቅ ከመሃል አስገቢ» አለች፣ «ኤሌክትሮኑ አልፎ እንዳይመጣ።»

ስልኬ ሣጥን ውስጥ ነበር። ስወጣ አየሁት፦
ከእህቴ አንድ ያልተነሣ ጥሪ። ከዘምዘም ሁለት።
ዓመት ሙሉ ያልደወለ አጎቴ፣ «ደህና ነሽ?» ብቻ።
ከዚያ ዝም።
ማታ ሐያት መጣች፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣
«እራት በልተሻል?» አለች።
በልቻለሁ አልኳት።
ጥቂት ቆይታ፣ «በልተሻል?» አለች።
ጫማዋን አላወለቀችም።
«አባትሽስ፣ ያ ሳሉ፣ ተሻለው?»

ያኔ ጆሮዬ ጋለ። አልጠየቅኋትም፤
እሷም አልነገረችኝም።
ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ሲንጎራጎር
ከዳር ወደ መሃል፣ ቀስ ብዬ፣ ሞቅሁ።

መርዶ ሌሊት አይነገርም። የሱብሂ አዛን ካበቃ በኋላ
ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ፣
ሹክሹክታ፣ የሻርፕ ኮሽታ፣ የአንድ ሽማግሌ ሳል ከኋላ።
በሩ ሳይንኳኳ ቆሜ ነበር።

ምቱ መጣ።
መጣ እንጂ፤ ሞገድ መንገድ ላይ አይቀርም።
ወለሉ ላይ ጣለኝ፣ ጮኽሁ፣ ደረቴን መታሁ፣
ግን ጧ አላልኩም።

ሰኞ ወርቁን አስገባሁ።
ካሜራው እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ጥቁር ሆኖ ቆየ፤
ከዚያ አንድ መስመር፣ እንደ ምላጭ የጠራ።
ሸምሳ አጨበጨበች፤ «ንጹሕ ምት!»
እኔ ያቺን ቅንጣት አልሙኒየም አሰብሁ፣
በዚያ ጨለማ ብቻዋን፣ ቀዝቅዛ፣
ማንም አጠገቧ ሳይቀመጥ፣
እራት በልተሻል ሳይላት።