ቱባ

መስከረም ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣
አንዳርጌ መጣና በሬን ደበደበው፤
«ቱባህ በሕይወት አለ?» ይኸው ነው ሰላምታው።

አልጋ ሥር ነበረ፤ ጎትቼ አወጣሁት፣
ከፖሊስ ማርሽ ባንድ ጡረታ ስወጣ የያዝኩት፤
ዶሮዬ አፉ ውስጥ እንቁላል ስትጥልበት
ሁለት ክረምት ሙሉ አላስነሣኋት።
አንድ ጎኑ ጎድጉዷል፣ በሰልፍ ላይ ወድቄ፤
ሦስቱን ቁልፍ በላምባ አጥቤ አድርቄ
ነፋሁት። ጎረቤት በር ከፍቶ ወጣ፣
«ምንድነው? ከአዘዞ አውሮፕላን መጣ?»

ድሬስደን ነው እሱ ጠመቃ የተማረው፣
«ግንቡ ሳይፈርስ በፊት» እያለ የሚያወራው።
ግንቡ ሲል ይስቃል የጎንደር ሰው ሰምቶ፤
የኛማ ይኸው አለ፣ ቁራ አናቱ ላይ ወጥቶ።
እዚያ አገር በጥቅምት ድንኳን ይተክላሉ፣
ክንድ ለክንድ ተያይዘው ግራ ቀኝ ይላሉ፣
አንድ ሊትር በአንድ እጅ ጨብጠው ያነሣሉ።
«ገብስ አለን፣ ሰው አለን፣ ጥቅምትም ይኸው ደርሷል፣
የሚነፋው ነው እንጂ ሌላው ሁሉ ተሟልቷል።»

ድንኳን ከየት ይምጣ? የእድሩን ተዋስን፤
ጥጋቡ፣ የባንዱ ጥሩምባ፣ ሐምሌ ላይ ሲለየን
ሦስት ቀን የተቀመጥንበትን ያንኑን።
ጸሐፊው አቶ ስመኝ መነጽሩን አውልቆ
«አንድ አግዳሚ ቢጠፋ አምስት መቶ ብር» አለ አስጠንቅቆ።
ሰማያዊና ነጭ ጨርቅ ጠመጠምን ምሰሶው ላይ፣
ሐዘኑ እንዳይታወቅ፣
ቢያንስ ለሚያየው ከላይ ከላይ።

ከአራዳ፣ ከአዘዞ፣ ከቀሃ፣ ከጠዳ
ሕዝቡ ጎረፈልን ማራኪ ሜዳ።
ቋሊማ ሊጠብስ ከሰል ያቀጣጠለው
ገዢ አጣ ምስኪን፤ የጽጌ ጾም ነው።
እስኪመሽ ድረስ ብቻውን አጨሰ፤
የቆሎዋ ልጅ ግን፣ ሁለተኛው ኬሻዋ ለምሳ አልደረሰ።

ኡም-ፓ፣ ኡም-ፓ ነፋሁ፣ አንዳርጌ እንዳዘዘው፤
«ግራ! ቀኝ!» እያለ ሰዉን ለመነው።
ሰው ግን ትከሻውን ወደ ፊት ወረወረው፤
እስክስታ ገባበት። እኔም ምቱን ሰበርኩ፣
ለጎንደር ትከሻ ጀርመንን አጠፍኩ።
አንድ ሊትር ብርጭቆ በአንድ እጅ ማን ያንሣ?
አንዱ እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፎ ተነሣ።
«ይህን የምታጥበውስ ማን ናት?» ስትል ሰማሁ አንዷን።

ከአጥሩ ውጪ እንጉዳይ፣ ከልደታ መጥታ፣
የጠላ ጄሪካኗን ጥላ ሥር አስጠግታ፣
«ስፖንሰሩ አይፈቅድም» ብሎ ዘበኛው ቢመልሳት
አልሄደችም፤ ጣሳ ስትደረድር ነው ያየኋት።

አንድ ሰዓት ሲል መብራቱ ድርግም።
ማቀዝቀዣው ቆመ፣ ፓምፑ ተጨነቀ፣
ከቧንቧው ጫፍ አረፋ ትፍ ብሎ አለቀ፤
ሰው ባዶ ብርጭቆ ታቅፎ በጨለማ ጠበቀ።

አንዳርጌ ራሱ ሄዶ አጥሩን ከፈተላት።
«ግቢ» ነው ያላት።
ያ ሁሉ ባለ ሊትር በሞባይል ብርሃን ሞላ፣
ያውም በጉሽ ጠላ።
ቀመሰ፣ ዝም አለ፣ ደግሞ ቀመሰው፤
«ገብስ ነው፣ ውሃ ነው፣ ጌሾው ነው የተለየው።
እዚያ በሕግ ነው፤ ሦስት ነገር ነው ያለው።»
«የማገዶውንስ» አለች «ማን ነው የሚቆጥረው?»

መድረክ መሪው ልጅ በባትሪ ድምፅ ማጉያ
«አሁን ደግሞ» አለ «ቱባ ባህላችን!»
ቱባ ሲል ብድግ አልኩ፣ በጨለማ ደንግጬ፣
ባህል የሚለውን ከጉሹ ጋር ውጬ።
ሳቁ ተቀጣጠለ ከዳር እስከ ዳር፤
ከቆሙ ወዲያማ መቀመጥ ነው ነውር።
ነፋሁ። ኡም-ፓ አይደለም። አንድ ድምፅ ብቻ፣
የመጨረሻውን ወፍራም፣ ትንፋሼ እስከሚያልቅ ብቻ፣
ጥጋቡ ቢኖር ኖሮ ከላይ የሚገባበት፤
ያንን ቦታውን ባዶ ተውኩለት።
ድንኳኑ ያውቀዋል።
ምሰሶው ጋ ስመኝ ኮፍያውን አነሣ፣
ወዲያው መልሶ አጠለቀ።

እሑድ አግዳሚ ቆጠርን፤ አንድ ጎደለ፤
አምስት መቶውን ብር አንዳርጌ ከፈለ።
ቱባዬን አጥቤ መለስኩት አልጋ ሥር።
ዶሮዋ መጣች፣ አፉን አየች፣
አንገቷን አዘመመች፣
ጌሾ ሸቷት ነው መሰል
ጫማዬ ውስጥ ጣለች።