በይደር

ከእነዋሪ እድር፣ ከቆርቆሮው ሣጥን፣
ጽሕፈቱ ሲደርሰኝ፣ የተረከብሁትን
አንድ ባንድ ቆጠርሁ፦
ማኅተም አንድ፣ ድንኳን ሁለት፣ አንዱ ቀዳዳ፣
ሰባ ሦስት ሳህን፣ ባለቤት ያጣ ዕዳ፣
ጀርባው በሰም ክር የተሰፋ መዝገብ፣
አይጥ ጠርዙን በልታ የተወችው ለማንበብ።

ገጽ አርባ አንድ ላይ፣ ጥር ዐሥራ ሁለት፣
ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣
ጓንጉል ወልደሰማያት ቆመው የጠየቁት፦
«የላይኛው ቦኖ፣ ክረምቱ ሲወጣ
ውሃው ደም የሚመስል፣ ምን ጉድ ነው የመጣ?»
ከሥሩ ውሳኔ፣ በቀይ እስክርቢቶ፦
«በይደር።» አለቀ። ስብሰባው ተፈትቶ
ሰው ወደ ቤት ሄደ፣ ነገር ሣጥን ገብቶ።

ኅዳጉ ላይ ግን ሰው ዝም አላለም ኖሯል፦
«እኔም» የሚል ቃል በአንድ እጅ ተጽፏል፣
በዘጠና ስምንት «እኔም» ተደግሟል፣
በሁለት ሺህ ሦስት አንዱ ተቆጥቶ
«ምነው መልስ ጠፋ!» ብሏል፣ ስሙን ትቶ።
አንዱ የፍየል ዋጋ ደምሮበታል፣
አንዱ «ይህ ተነሥቷል፣ ፊት ይታይ» ብሎታል፤
ፊቱን ገልጬ አየሁ፤ የሻማ ሂሳብ ነው፣
ጥያቄው እንደ እንግዳ ደጅ ላይ እንደቆመ ነው።

እኔ መልሱን አውቃለሁ። ባለፈው ግንቦት
የውሃ ቢሮ ልጆች ቧንቧውን ሲያወጡት
ቆሜ አይቻለሁ፦ መረሬው ሲጠጣ
እንደ ሊጥ ያብጥና፣ በጋው ሲመጣ
ይሰነጠቃል፣ ብረቱን ይዞ፤
ሦስተኛው መጋጠሚያ ተበልቶ ደንዝዞ
ዝገቱ ይረግፋል፣ ውሃው ይቀላል።
ይኸው ነው ነገሩ። ሁለት መስመር ይሞላል።

ለሰብሳቢው ነገርሁ፣ ለአቶ ቸርነት፤
«ተይ ልጄ» አሉኝ፣ «ጭድ አጠገብ ክብሪት!
ያኔ በዚያ ቦኖ ስንት ሰው ተጣላ፣
እነማን ተካሰው፣ ማን መሐላ በላ።
ጠያቂውም ሄዷል፣ መልስሽ ምን ይፈይዳል?
የቆየ ጠባሳ ሲያኩት ደም ይወርዳል።»

ገንዘብ ያዧ ጥሩነሽ፣ ቁልፋቸውን ከመቀነት ፈተው፣
«አዲስ ነገር ካለሽ ተናገሪ» አሉኝ፣ በዓይናቸው ጠቅሰው፤
«‹እኔም› ለማለት ከሆነ ግን ተይው።
መጀመሪያም ጠያቂውን ጠይቂው።»

ጓንጉል ደብረ ብርሃን ነበሩ፣ ከልጃቸው ዘንድ፣
ጠባሴ፣ ግቢው ባለ አንድ ጽድ።
በደነባ በኩል፣ በጠዋት ሚኒባስ፣
መዝገቡ ጉልበቴ ላይ፣ የምስር ጆንያ ጎኔን ሲደባብስ፣
ደረስሁ። ጋቢ ለብሰው ፀሐይ ይሞቁ ነበር፣
ገጹን አነበብሁላቸው፣ ጮክ ብዬ፣ እስከ «በይደር»።

«መረሬው ነው» አሉ፣ ሳልጨርስ። «ብረቱን በላው።
በማግስቱ ዓመት፣ በጥቅምት መባቻ፣
አካፋ ይዤ ወርጄ አየሁት፣ ለብቻ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ይደር ተብሏልና፣ እስኪነሣ ጠበቅሁ፤
ሥርዓት አውቃለሁ እኔ፣ ሳይጠሩኝ አልገባሁ።
በየወሩ ስብሰባ ጉሮሮዬን ስጠርግ፣
‹የዚያ ውሃስ?› የሚል አንድ ሰው ስፈልግ፣
ሻይ ይመጣል፣ ጸሎት ይደረሳል፣ ይዘጋል።
የዘጠና ስምንቱ ‹እኔም› እኮ የኔ ነው»
አሉ፣ አፍረው፤ «እንዳይረሳ ብዬ ነው።»

ሳቅን። ሳሉ። ቆዩና፦ «ጻፊው እንግዲህ።
ለኔ አይደለም፣ እኔማ የምጠጣው ከዚህ፤
ጀሪካን ተሸክማ ‹ለምን ቀላ?› ለምትል ልጅ።
የዛሬን ቀን አድርጊበት። የኔን ቀን አትንኪ እንጂ።
በብረቱ ፈንታ ምን አገቡበት?»

«ፕላስቲክ።»

«መረሬው ሲሰነጠቅ፣ እሱንስ ምን ያደርገዋል?»

አላወቅሁም።

ማታ እነዋሪ፣ መብራት ሄዶ፣ በስልኬ ብርሃን
በሰማያዊ ቀለም ጻፍሁት፣ መልስና ቀን።
ሁለት መስመር አልበቃውም፣ ሦስት ሆነ።
ከሥሩም፦ «ጓንጉል ይጠይቃሉ፦ ፕላስቲኩስ?» ብዬ
የለመደች እጄ «በ» ን ልትጀምር ስትል፣ ይዤ፣
ቦታ ትቼ ዘጋሁ።