ማን ሊጠርገው ነው

ከአፉላ መናኸሪያ፣ ከፈላፌሉ በር፣
ፕሮስፐር በሁለት ሼቄል ካሴት ያከራይ ነበር።
ከታችኛው መደርደሪያ፣ አቧራ ከለበሰው፣
ሽፋኑ ላይ ጎረምሳ፣ ሰንሰለት የጨበጠው።
"አሥራ ስምንት ሞልቶሃል?" ብሎ ይጠይቀኛል፤
"ትናንት ሞላኝ" እላለሁ፤ ይስቅና ይሰጠኛል።

ሁሉም አንድ ነው ነገሩ፦
አሜሪካ ያለ ትምህርት ቤት፣ ስድብ የተጻፈበት በሩ፤
ተማሪ ነን የሚሉት ሠላሳ ዓመት የዘለሉ፣
ጢማቸውን ጠዋት ተላጭተው ለምሳ የሚያበቅሉ፤
አንድ ደግ አስተማሪ፣ እስከ እኩሌታው የሚታገሥ፣
ከእኩሌታው በኋላ በመጋዝ የሚመልስ።
ደሙ ብርቱካንማ፣ ቀለም መሆኑ የሚያስታውቅ፤
እኛ ግን ትራስ ነክሰን፣
"አጠንጥነው! እንደገና ይውደቅ!"

አንድ ማታ እናቴ ገባች፣ ጓንቷ ከኪሷ ተንጠልጥሎ።
የኛኑ ትምህርት ቤት ነው የምታጸዳው፣
ሁለት ፎቅ ከነደረጃው፣ ጂሙ ሳይቆጠር።
ላጠፋው ስል "ተወው" አለች፣ እግሯን ዘርግታ።
እንግሊዝኛው አይገባት፣
ከሥር የሚሮጠውን ዕብራይስጥ አታነበው፤
"ምን አለ?" ባለች ቁጥር እኔው ነኝ አስተርጓሚው፤
ስድቡን ሁሉ "እንዴት አደርክ" አደረግሁት።

ከዚያ ትልቁ ጠብ መጣ፤
ወንበር በመስኮት ወጣ፣
ቤተ ሙከራው ነደደ፣
አምስት ሰው፣ ወይ ስድስት፣ ከደረጃው በአናቱ ወረደ።
በስርቆት አየኋት፤ ትጮህ ይሆን? ትረግመኝ?
እሷ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ ብላ፣
"ውይ" አለች፣ "ይህን ሁሉ መስተዋት
ማን ሊጠርገው ነው?"

ለጓደኞቼ ነገርኳቸው፤ ክረምቱን ሙሉ ሳቅንባት፤
ብርጭቆ በተሰበረ ቁጥር፣ ማን ሊጠርገው ነው፣ እያልንላት።

ከፑሪም ማግስት፣ ከጂሙ ጀርባ፣
ስላቪክ "ኩሺ" አለኝ፤ ተያያዝን።
ሙዚቃ የለም። የገረመኝ እሱ ነው።
ልጆቹ ክብ ሠሩ፤
አንዱ ሱፍ ይቆረጥማል፣ ገለባውን ይተፋል።
ደቂቃም አልፈጀ።
አጠንጥነው ያለ አልነበረም።

ማታ እናቴ ገባች።
ካፖርቷን ሳታወልቅ ጓንቷን አወጣች፣
ከጓንቷ የታጠፈ ወረቀት፣
ከወረቀቱ አንድ ጥርስ።
ከጨው ዕቃው አጠገብ አኖረችው።
"የፊት ነው" አለች፤ "አጥቤዋለሁ።"
ከንፈሬን ገጥሜ ዝም አልኩ።
መብራቱን ወደኔ አዞረችው፦
"አፍህን ክፈት።"

መጥረጊያ በሚሸት ጣቷ፣ ላይኛውን፣ ታችኛውን፣
አንድ በአንድ ቆጠረች።
አንድም አልጎደለኝ።
ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።