ወረቀቱ ላይ የቀረው

ማደያው በር ላይ ገመድ ተወጥሯል፣
«ቤንዚን የለም» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል።
ሸዋ ሮቢት፣ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣
የዲኤክሷ ጌጅ ቀዩ ላይ ተጋድሞ፣ አልነሳ ብሎኝ እንደ ሬሳ።

ያኔ ከማሾው ጆንያ ጀርባ ብቅ አለ ተሻገር፣
ሦስት ሃይላንድ ታቅፎ፣ ዓይኑ ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር።
አሥረኛ ቢ ተማሪዬ ነበር፣ ከመስኮቱ የሚጠጋ፣
አገጩን በመዳፉ ይዞ ከእንቅልፍ ጋር የሚዋጋ።

«ቲቸር! ለእርስዎማ ንጹሁን ነው የምሰጥዎ፣
ቀለሙን ይዩት፣ ይፍረድ ዓይንዎ።»
አየሁት። ቅራሪ መሰለኝ፤ ቤንዚንም ቅራሪ ይመስላል።
አላሸተትኩም ብል አፍንጫዬ ይታዘበኛል፣
አሸተትኩ ብል ጉንፋን ይዞኛል።
ብቻ ተማሪዬ ነው፤ የገዛ ተማሪውን ማን ይጠረጥራል?
የሃይላንድ አንገት ቆርጦ ሰካና አንቆረቆረው፣
ዋጋውን አትጠይቁኝ፣ ኪሴ ነው የሚያውቀው።

ደብረ ሲና ድረስ ደህና መጣች፣ ክፉ አልወጣትም።
አርማንያ ላይ፣ ጉሙ ሳይጠየቅ መስተዋቱ ላይ ሲሳፈር፣
ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ይንኳኳ ጀመር፦
ቃ… ቃ… ቃ… ብረት ምጣድ ላይ እንደሚቆላ ሽንብራ።
ከኋላ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው፣
«ማን ነው የሚያንኳኳው? ይግባ በለው» አሉኝ።
በአንደኛ ማርሽ፣ በሰው ግፊት፣ በስለት፣
የጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ደረስን በመከራ፣ በስንት።

በነጋታው ጠባሴ፣ ብርዱ ጣት በሚቆርጥበት ጠዋት፣
ጋሽ ዘርጋው ኮፈኑን እንኳ አልከፈታት።
ከታንከሯ በቀጭን ጎማ ሳበ፣ ተፋ፣ አፉን በክንዱ አበሰ፣
ከደረሰኝ ወረቀት ጀርባ ላይ ሁለት ጠብታ አፈሰሰ።
«እስቲ እንጠብቅ» አለ።

ጠበቅን።

«ቤንዚን እንግዳ ነው፤ አመስግኖ ይሄዳል፣
ወረቀቱን እንዳገኘው ነጭ አድርጎ ይተዋል።
ነጭ ጋዝ ግን ዘመድ ነው፤ አንዴ ከገባ፣
ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛል፣ ቢመሽም ቢጠባ።»

ክቡ ቀረ። እንደ ሳንቲም ክብ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቅባታም።

«ታዲያ ያንን ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ቀይ መድኃኒት ልጨምርባት?»
ሳቀ። «ለማን? ደጋ ላይ ነው ያለኸው፣ አየሩ ስስ ነው።
ይቺ አሮጊት ውድ አልጠየቀችህም።
ተራውን ቤንዚን ስጣት፤
ብቻ ቤንዚን ይሁን።»

አራተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርቱን ያቆመው።
እኔ አሥራ ሰባት ዓመት፣ በነጭ ጠመኔ፣
ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ ናፍጣ ብዬ በተራ እየጻፍኩ፣
«የትኛው ቀድሞ ይተናል?» እያልኩ ጠየቅኩ፤
እጅ ያወጣውን አጨበጨብኩለት፣ ያላወጣውን ተቆጣሁ።

ቅዳሜ ወረድኩ።
ወረቀቱን በደረት ኪሴ፣ ወቀሳዬን በአፌ ይዤ፣
ከዋሻው እስከ ሮቢት ቃል በቃል ደርድሬ፣ አርቄ፣ መዝዤ።
ተሻገር እዚያው ነው። ወረቀቱን ዘረጋሁለት።
ክቡን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ዝም አለ ለአንድ አፍታ፣
«ሁለት ለአንድ ነው» አለኝ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ፣ ረጋ ብሎ በዝግታ፣
«ሁለት ቤንዚን፣ አንድ ላምባ።
ግን ቲቸር፣ እርስዎ አልነበሩ?
‹እኔንም ቢሆን አትመኑኝ፣ ሞክሩት› እያሉ የሚያስተምሩ?
ያን ቀን ስቀዳልዎ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤
አሁን ወረቀት ያወጣሉ፣ አሁን ያወጣሉ እያልኩ ነበር።»

ያን ሁሉ የደረደርኩትን ንግግር የት እንዳደረግኩት እንጃ።

ማደያው ዛሬ ተከፍቷል። ሰልፉ ድልድዩን ተሻግሯል።
አራት ሰዓት ቆምኩ። ተራዬ ደረሰ።
ቀጂዋ ቱቦውን አነሳች፣ «ስንት ልቅዳ?» አለች።
«መጀመሪያ» አልኳት፣ ነጭ ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ፣
«ሁለት ጠብታ ብቻ።»
ከኋላዬ ጥሩምባው ጮኸ፣ አንዱ ሰደበኝ፣ እሷም ተናደደች።
ትናደድ።
እስቲ እንጠብቅ።