የዓሣ አጥንት አውቃለሁ

የዓሣ አጥንት አውቃለሁ። ሃያ ዓመት ነው አሞራ ገደል፣
ቢላዬ በጭራ በኩል ገብቶ በአንገት በኩል ብቅ ሲል፣
ቆሮሶውን እንደ መጽሐፍ ሁለት ገጽ አድርጌ ገልጬ፣
ያን ነጭ መሰላል ከመሐል መዝዤ፣ ከጭራው ቆርጬ፣
ለአባ ኮዳ ስወረውር፣ አንድ ቀን እንኳ
ሰውም በዚሁ እንደሚቆም አላሰብኩም ለካ።

ማክሰኞ ዕለት፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ፣
ሚስማሯ ዝጎ ከከዳት ከአንዲት ቀጭን መርገጫ
ላንቃሞ ወረደ።
ሲወርድ ያየው የለም። ሲያርፍ ሰምተዋል፤
«ማነው ሲሚንቶ የሚጥል?» ብሎ ፎርማኑ ጮኋል።
በተረከዙ ነው ያረፈው፤ መሬት ወደ ላይ፣ ገላው ወደ ታች፣
ወገቡ ላይ ተገናኙና
አንዲት አጥንት መሐል አለቀች።

ጓደኞቹ ደጎች ናቸው። በደግነት ባጃጅ ጠርተው፣
አንዱ ብብቱን፣ አንዱ እግሩን፣ ሊከቱት ነበር አጣጥፈው።
«አትንኩት!» ያለች አንዲት የጤና ተማሪ ናት፤
ስሟን ዛሬም አላውቅም፤ ማታ ማታ እመርቃታለሁ እንጂ።
ገና ያልተገጠመ የሕንጻውን በር አስመጣች፣
በኤሌክትሪክ ገመድ ጠፍራ በዚያ አስተኛችው።
በበር ላይ ሆኖ ነው ሪፈራል የገባው።
እኔ ዓሣ ዓሣ እየሸተትኩ፣ እየሮጥኩ ደረስኩ፤
በሩ እጀታ ነበረው። እጁን የያዝኩ መስሎኝ እሱን ያዝኩ።

ዶክተር ቃልአብ ራጁን ሰቀለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጀመረ።
እኔ ግን ቀድሜ አየሁት። የማውቀው መሰላል ነበረ።
አንዲቱ እርከን ብቻ ተጨፍልቃ፣ ስባሪዋ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣
እኔ ከዓሣ ላይ እንደ ክር የምመዘውን ነገር ተጭኖ፣ ገፍቶ።
«ሕብለ ሰረሰር» አለው።
ስም እንዳለው አላውቅም ነበር፣ ያን ሁሉ ዘመን ስጥለው።
«ስምንት ብሎን፣ ሁለት ዘንግ። ከስብራቱ በላይ ሁለት አጥንት፣
በታች ሁለት አጥንት እንይዛለን። መሄዱን ግን
ቃል አልገባልሽም» አለ።
ቃል ባለመግባቱ አመንኩት።

ዘጠኝ ቀን ብረቱን ጠበቅን። ዘጠኝ ቀን፣ በየሁለት ሰዓቱ፣
አራት ሆነን እንደ ግንድ አዞርነው፤ እኔ፣ ዘበኛው፣ አጎቱ፣
የጎን አልጋ አስታማሚም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!
ዕቁብ የወጣላት ዳመነች ብሩን ሳትቆጥር እጄ ላይ አኖረች፤
«ዓሣ ይዋኛል፣ ይመለሳል» ብላ ሄደች።

ላንቃሞ ብረት ሠሪ ነው። ሌሊት ኮርኒሱን እያየ፣
«በስንት ቁጥር ቁልፍ ነው የሚያጠብቁት?» አለኝ። ሳቅኩ፤ እሱ አልሳቀም።
«ዋሸር አለው?» አለ። ቆየና፣
«ብርድ ልብሱ እግሬ ላይ ነው ወይ? ንገሪኝ፤ አይታወቀኝም።»

በሆዱ አስተኙት። ጀርባውን መሐል ለመሐል ቀደዱ፤
እኔ በምገባበት በር ገቡ፣ በእኔው መንገድ ነው የሄዱ።
እኔ ሁልጊዜ ላወጣ ነው፤ እነሱ ሊያቆሙት ገቡ።
ከውጭ፣ አግዳሚው ላይ፣ እጆቼ ሥራ ፈትተው
ጭኔ ላይ ተሰበሰቡ።

በሦስተኛው ቀን የቀኝ እግሩ አውራ ጣት
ትንኝ እንዳረፈባት ያህል ነቅነቅ አለች። የግራዋ ዝም።
አሁንም ግራው ይጎተታል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄድ።
ግን ይሄዳል። ብረቱ ቀጥ አድርጎታል፤ ጎንበስ አይልም።
ጎረቤት ከሩቅ ሲያየው «ላንቃሞ ኮራ» ይላል።
ይበል። የጫማውን ክር እኔ አስራለሁ፤
ተንበርክኬ ሳስርለት ቀና ብዬ አየዋለሁ።

ያ በር ታጥቦ ተገጥሟል አሉ፣ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ፤
ሰው ይከፍተዋል፣ ሰው ይዘጋዋል፣ ምን እንደተሸከመ ሳያውቅ።

እኔም ወደ ዓሣዬ ተመልሻለሁ። ቢላዬ ግን መሐሉ ላይ ሲደርስ
ትንሽ ይዘገያል። ደንበኛ ይቆጣል፤
«እትዬ፣ ቶሎ በይ እንጂ!»
ቆይ፣ እለዋለሁ። ቆይ።