መስመር መቶ አሥራ ሁለት

ቂርያት ጋት ሌሊት ነው፣ ሐምሲኑ ቆሟል፣
ከጎረቤት በረንዳ ማራገቢያ ይጮኻል።
ጊዮራ የሚሉት፣ ጡረታ የወጣ
የውኃ ሠራተኛ፣ አንድ ዲስክ አመጣ፤
በሰማንያ ስምንት የጻፈው ፕሮግራም፣
መስኮት የለው፣ ሥዕል፣ የለው ምንም ቀለም፤
በጥቁሩ ስክሪን ላይ ስሙን ስትጽፍለት
የቆጣሪን ንባብ የሚደምር በስልት።
«ዛሬም ይሠራ እንደሁ እስቲ እይልኝ» አለ፣
«እርሻው ተሸጠ እንጂ ሒሳቡ እንዳለ።»

ሁለት ኮምፓይለር አቆምኩ ጎን ለጎን፤
አንደኛው የጥንቱ፣ የጊዮራ ዘመን፤
ሌላው የትናንት ነው፣ ሥራው ረቂቅ፣
ነገር ካልጠየቀ ደጅ የማይለቅ።

የድሮው ዋጥ አድርጎ፣ ቃል ሳይተነፍስ፣
በአሥራ አንድ ሰከንድ ሥራውን ሲጨርስ
አርባ አንድ ኪሎባይት፣ ቀላል እንደ ነፋስ።
ከቢጫ ወረቀቱ ጋር ድምሩ ገጠመ።

አዲሱ ግን ቆመ።
«መስመር መቶ አሥራ ሁለት፦
ይህ ሳጥን ተነቧል፣ ማንም ሳይሞላበት።»

ሰው በእኩለ ሌሊት ምክር አይወድም።
አፉን አዘጋሁት፤ «ፍጠን» የሚለውን
ምልክት ጨምሬ ለቀቅኩት ጉዱን።
ፈጠነም። በሁለት ሰከንድ ወለደ፤
የአንዲት የጥጥ እርሻ የአንድ ሌሊት ውኃ
ኪኔሬትን ጨርሶ ሊገባ በረሃ።

ሰደብኩት አዲሱን። ዘግይቶ ነው የገባኝ፦
የድሮው ማሽን ሆዱ ባዶ ነበር፣
ያልተሞላው ሳጥን ዜሮ እየመሰለ
ያ ሁሉ ዘመን በዕድል ሲደመር።

አባቴ ትዝ አለኝ። በመጣን በዓመቱ፣
ክሊኒክ ወረፋ፣ ኮፍያው በእጁ፣
«ሆዴን ባር ባር አለኝ» ሲል ለሐኪሙ።
አስተርጓሚው አስረስ፣ ፈጣን፣ የተወደደ፣
«ሆዱን ያመዋል» ብሎ በዕብራይስጥ ነጎደ።
ክኒን ሰጡት። አባቴ ታዛዥ ነው፣
ሁለት ወር ሙሉ ሳያጓድል ዋጠው።
ሆዱም ደህና ነበር፤ ባር ባሩም ደህና ነው።

በሦስተኛው ወር ላይ ጠዓመ መጣች፤
ሰው የማይወዳት፣ ወረፋ ታስረዝማለች።
እጇን አነሣችና ሐኪሙን አስቁማ
«አባባ፣ የትኛው ሆድዎ ነው?» አለች፣
«እህል የሚገባበት ነው? ነገር የሚገባበት?»
አባቴ ተቆጣ። ኋላ፣ ወለሉን እያየ፣
«ጎባው ነበር ስሜ። ወረቀቱ ላይ ጋቢ አሉኝ።
ጋቢ ለብሼ እንጂ
ጋቢ ተብዬ አላውቅም።»
ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።
የዚያን ቀን ክኒን አልጻፈም።

መስመሩን ከፈትኩት። «እኩል ይሆናል ዜሮ»
ብዬ ልጽፍና ልተኛ ስል፣ ጣቴ ቀረ በአየር ላይ፦
ባዶ ነው ያለኝ ማን ነው?

ጠዋት ለጊዮራ ደወልኩ።
ስለ ሳጥኑ ስጠይቀው ዝም አለ ረጅም፤
ከበስተኋላው ራዲዮ ዜና ያነባል።
«ወይ አንቺ ልጅ» አለ፣ «እሱ እኮ ባዶ አይደለም።
ከትናንት የተረፈው ነበር እዚያ የሚገባው።
ነገ እሞላዋለሁ ብዬ…»

ወረቀቱም ቢጫ፣ የድሮውም ታማኝ፣
ድምሩም እየገጠመ፣
በየሌሊቱ፣
የትናንቱን ሳንቆጥር።